የሴፍቲኔት ሥራ መብት እንጂ ስጦታ አይደለም



በየዓመቱ ፊቼ ጨምበላላ ሲደርስ ጉዱማሌ በሕዝብ ይሞላል። አያንቶዎች ኮከብ ቆጥረው ቀኑን ይናገራሉ፤ ቡሪሳሜው ይቀርባል፤ ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ «አይዴ ጨምበላላ» ይላሉ። ዩኔስኮ ይህን በዓል በ2008 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ብዙ ጊዜ አይወሳም። ሽማግሌዎች በዚህ በዓል ላይ ትጋትን ያመሰግናሉ፤ ሀገር በቀል ዛፍ መቁረጥን፣ ልመናን፣ ስንፍናን፣ ሐሰተኛ ምስክርነትንና ስርቆትን ይኮንናሉ ይላል።

ይህ ትልቅ ቃል ነው። ነገር ግን የሽማግሌ ቃል ሁለቱንም ወገን ያስገድዳል። ልመናና ስንፍና ነውር ከሆኑ፣ ጉልበትም ፍላጎትም እያለው ሥራ ያጣ ሰው በምን ይኑር? ጎህ ሲቀድ ወጥቶ የቀን ሥራ ሲፈልግ ውሎ ባዶ እጁን የሚመለስ አባወራ ሰነፍ ነውን? ልጆቿን አስከትላ የሰው ልብስ ስታጥብ የምትውል እናትስ? ልመናን የሚኮንን ሕዝብ ሥራ የሚሰጥ መንግሥት ይገባዋል። ፓርቲያችን በዚህ ምርጫ ለከተማ ድሆች ከሚያቀርባቸው አማራጮች የመጀመሪያው ከዚህ ይነሳል።

ሐሳቡን እኛ አልፈጠርነውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለሥራ አጦችና ለችግረኞች ሥራ ለመፍጠር የሚያስችል ፖሊሲ እንዲከተል፣ ለዚህም ፕሮግራም እንዲያወጣና ፕሮጀክት እንዲያካሂድ ያዛል። ችግሩ ግዴታው ለመንግሥት ተጽፎ ለዜጋው የመጠየቂያ በር አለመከፈቱ ላይ ነው። ሥራ ያጣ ሰው «አንቀጽ 41» ብሎ ቢሄድ የሚያናግረው መስኮት የለም። ያለው ፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክት ደግሞ ከብድር ጋር መጥቶ ከብድር ጋር ይሄዳል።

እስቲ ፕሮጀክቱን እንመልከት። ሴፍቲኔት በገጠር የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኋላ እስከ 8 ሚሊዮን የሚደርስ ሕዝብ አቅፏል። ከተሞች ግን ከአሥር ዓመት በላይ ጠብቀዋል። በ2008 ዓ.ም. የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር ሲፈቅድ፣ መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ሊጨምርበት ተስማማና የከተማ ምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ለ11 ከተሞች ታቀደ። ሐዋሳም ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከደሴ፣ ከድሬዳዋ፣ ከሐረር፣ ከመቀሌ፣ ከጅጅጋ፣ ከአሶሳ፣ ከጋምቤላና ከሎግያ ጋር ተቆጠረች። በአምስት ዓመት 604,000 ሰዎችን ሊያቅፍ የታሰበ ነበር። አብዛኞቹ በአካባቢ ልማት ሥራ ይሠራሉ፤ መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕሙማን ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ባንኩ 400 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዶ ብዙ ከተሞችን የሚጨምር ሁለተኛ ፕሮጀክት ተከተለ።

በመንገዳችን ላይ ማለዳ ማለዳ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው፣ መጥረጊያና አካፋ ይዘው የምናያቸው እናቶችና አባቶች ታሪክ ይህ ነው። ቦይ ይጠርጋሉ፣ ቆሻሻ ያነሳሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ ኮብልስቶን ይጠግናሉ። አንዳንድ አላፊ አግዳሚ «ለሁለት ሰዓት መጥረጊያ ይዘው ቆመው ደመወዝ ይቀበላሉ» እያለ ይቀልዳል። ቀልዱ አዲስ አይደለም፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። አስቀድመን ግን ደመወዙን እንቁጠር።

ፕሮጀክቱ ሲጀመር የቀን ክፍያው 60 ብር ነበር። አንድ ሰው በወር 5 ቀን ይሠራል፤ ከአንድ ቤተሰብ ቢበዛ የ4 ሰው ሥራ ይቆጠራል። ብቻዋን የምትኖር ሴት በወር 300 ብር ታገኛለች ማለት ነው። ከዚህ ላይ 20 በመቶው በግዴታ ይቆጠባል። 60 ብር ሲቀነስ ለወሩ 240 ብር ይቀራታል። አራት ሰው የሚያሠራ ቤተሰብ 1,200 ብር ያገኛል፤ ቁጠባው ሲነሳ 960 ብር።

ቁጠባውን አንቃወምም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከፕሮግራሙ ሲወጡ መነሻ ጥሪት እንዲሆን የታሰበ ነው። ነገር ግን የባንክ ተቀማጭ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ሳለ፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። በዚያ ዓመት ከድሃ እጅ በግዴታ ተወስዶ የተቀመጠ ብር ሳይነካ ተበላ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የዘይቱና የመድኃኒቱ ዋጋ አብሮ ሄደ። የመንግሥት ሠራተኛው እንኳ በዚያው ሰሞን ጭማሪ ተደርጎለት የመጨረሻው ዝቅተኛ ደመወዝ 4,760 ብር ሆኖ ነበር። ጭማሪው በቂ ነበር አንልም። የመንገድ ጠራጊዋ ክፍያ ግን ከዋጋ ጋር አብሮ እንዲሄድ የሚያስገድድ አንድም ሕግ የላትም፤ ሲጨመርላት በጎ ፈቃድ ነው፣ ሲዘገይባት የምትከስበት የለም።

«እኛ ሴፍቲኔት ውስጥ የለንም፤ ምን አገባን?» የሚል መራጭ ይኖራል። ይህን ጥያቄ በቁም ነገር እንወስደዋለን፤ ምክንያቱም መልሱ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ነው።

ፕሮግራሙ በአዲስ አበባ ሲጀመር ወረዳዎች ቀድመው የሚገቡትና ቆይተው የሚገቡት በዕጣ ተለዩ። ይህ ለተመራማሪዎች መልካም አጋጣሚ ሆነ፤ ዕጣ የወጣላቸውን ሠፈሮች ካልወጣላቸው ጋር ማነጻጸር ቻሉ። ውጤቱ በ2024 እ.ኤ.አ. በታወቀ የአሜሪካ የኢኮኖሚ መጽሔት ታትሟል። ተሳታፊዎቹ በግል ቀጣሪ ዘንድ የሚሠሩበት ጊዜ ቀነሰ፤ ሠፈሮቹም ጸዱ፣ ተሻሻሉ። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። ፕሮግራሙ በከተማው ሁሉ ሲዳረስ በግሉ ዘርፍ የሚከፈለው ደመወዝ በ18.6 በመቶ እንደሚጨምር ጥናቱ አስልቷል። ይህ ተዘዋዋሪ ጥቅምና የሠፈሩ መሻሻል አብረው ሲቆጠሩ ድሃው የሚያገኘው ጥቅም ክፍያው ብቻ ሲቆጠር ከሚታየው 6 እጥፍ ይሆናል።

ነገሩ ቀላል ነው። ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው የተሰጠውን ዋጋ ይቀበላል። በወር አምስት ቀን እንኳ የተረጋገጠ ሥራ ያለው ሰው ግን «በዚህ ዋጋ አልሠራም» ለማለት ትንሽ ጉልበት ያገኛል። የሠፈሩ ጠራጊ የምታገኘው ክፍያ ለሸክም ሠራተኛው፣ ለግንበኛው ረዳት፣ ለቤት ሠራተኛዋ፣ ለአስተናጋጁም ወለል ይሆናል ማለት ነው።

ሐዋሳ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ያለባት ከተማ ናት። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ 60,000 የሥራ ዕድል ይፈጥራል ተብሎ ነበር። ከየወረዳው ወጣት ሴቶች መጡ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ገደማ መሆኑን ገለጠ፤ ይህም በዓለም የልብስ ኢንዱስትሪ ውስጥ ከታወቁት ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። የቤት ኪራይ ለአራትና ለአምስት ካልተከፋፈሉ የማይቻል ሆነ። የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋምና ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወሰን መንገድ የሚከፍተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በ2011 ዓ.ም. ወጣ። መንገድ ተከፍቶ ግን መንገደኛ ሳይታይ ዓመታት አለፉ።

«ደመወዝ ከፍ ካለ ፋብሪካ ይሸሻል» የሚሉን አሉ። እኛም እንጠይቅ፤ ዝቅተኛው ደመወዝ ፋብሪካ አቆየን? ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከፓርኩ መውጣቱን ሲያስታውቅ ምክንያቱ ደመወዝ አልነበረም፤ የሀገሪቱ ጦርነት ነበር። ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በዚያው ጦርነት ሰበብ ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ተሰረዘች። ልጆቹ በ26 ዶላር ሠርተው፣ ባልጀመሩት ጦርነት ሥራቸውን አጡ። በዚያን ጊዜ እነዚያን ወጣቶች ተቀብሎ «እስከዚያው እዚህ ሥሩ» የሚል የሕዝብ ሥራ በሕግ ተዘጋጅቶ ቢሆን ስንቶቹ ወደ ስደት መንገድ ባልወጡ!

ከዚህ በፊት ትልቅ የሥራ እጦት የደረሰበት ሌላ ሀገር ምን አደረገ? በ1929 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ በ1933 ከአራት ሠራተኞች አንዱ ሥራ ፈትቶ ነበር። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት በ1935 አንድ ትልቅ የሕዝብ ሥራ ድርጅት አቋቋመ፤ በአጭሩ ደብሊው ፒ ኤ ይሉታል። እስከ 1943 ድረስ 8.5 ሚሊዮን ሰዎች ሠርተውበታል። 125,000 ያህል የሕዝብ ሕንፃዎች፣ 8,000 ያህል መናፈሻዎች፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው መንገዶችና ድልድዮች ተሠሩ፤ በገጠር ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ መጸዳጃ ቤቶች ተቆፈሩ። (መጸዳጃ ቤት በምርጫ መድረክ አይነገርም፤ በበዓል ቀን ጉዱማሌ የዋለ ሰው ግን ጥቅሙን ያውቃል።) ከዚያ አስቀድሞ በተቋቋመ ሌላ ፕሮግራም ወጣቶች ደን ይተክሉ፣ የሚሸረሸር አፈር ያስቆሙ ነበር፤ በወር ከሚከፈላቸው 30 ዶላር 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰባቸው ይላክ ነበር።

የትንንሽ የገጠር ከተሞች ታሪክ ለእኛ ይበልጥ ያስተምራል። ሥራውን ዋሽንግተን አልመረጠችውም። የከተማው ወይም የወረዳው አስተዳደር «ትምህርት ቤታችን ይፈርሳል፣ የእግረኛ መንገድ የለንም፣ ውኃችን ንጹሕ አይደለም» ብሎ ሐሳቡን ያቀርባል፤ ዕቃውንና ከወጪው የተወሰነውን ይችላል፤ የጉልበቱን ዋጋ በአብዛኛው ፌዴራሉ መንግሥት ይከፍላል። ብዙዎቹ ሕንፃዎች ዛሬም ቆመው ያገለግላሉ። በዘመኑ ግን ይቀለድባቸው ነበር፤ ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው የሚቆሙ ሰነፎች ናቸው ይባል ነበር። የእኛም ከተማ ቀልደኞች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለናል።

አሜሪካኖቹ ግን ከባድ ነውርም ነበረባቸው። በ1938 እ.ኤ.አ. የምርጫ ወቅት በኬንታኪና በሌሎች ግዛቶች የሕዝብ ሥራው ለምርጫ መጠቀሚያ ሆነ፤ «ለእኛ ሰው ድምፅ ካልሰጠህ ሥራህን ታጣለህ» ይባል ነበር የሚል ክስ ተነሳ። ምክር ቤታቸው ነገሩን አላድበሰበሰውም። በዓመቱ በ1939 ሃች አክት የተባለ ሕግ ወጥቶ የሕዝብ ሥራንና እርዳታን ለድምፅ ማግባቢያም ሆነ ማስፈራሪያ ማድረግ ወንጀል ሆነ።

በእኛስ ሀገር? ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በኢሕአዴግ ዘመን የገጠር ሴፍቲኔት፣ ማዳበሪያና ብድር ለፓርቲ ድጋፍ መግዣ መዋላቸውን ከብዙ ነዋሪዎች ቃል ሰብስቦ አቅርቧል። የዚያን ጊዜው መንግሥት አስተባበለ። እኛ የምንለው ግን ዘገባው ላይ ብቻ ተመሥርተን አይደለም። በዚያ ዘመን በከተማም በገጠርም አንድ ለአምስት የተጠረነፈ ሰው ይህን ለማወቅ የእንግሊዝኛ ዘገባ አያስፈልገውም ነበር። የድሃ ዝርዝር የሚያዘጋጀው ሰውና ለስብሰባ የሚጠራው ሰው አንድ ሲሆን፣ ማንም ሳይናገር ሁሉም ይገባዋል። ዛሬም መድኃኒቱ አዲስ ሰው መሾም አይደለም። ነገ እኛም ብንመረጥ፣ የእኛም የቀበሌ ሰው ብዕርና መዝገብ ይዞ ቁጭ ካለ ያው ነው። ስለዚህ እኛንም ጭምር የሚያስር ሕግ ነው የምንጠይቀው።

ሕጉ ምን ይላል? ማንኛውም የከተማ ነዋሪ ለሥራ የደረሰ ሰው ሥራ ማጣቱን ሲያስመዘግብ፣ በተወሰነ ቀን ውስጥ በዓመት ቢያንስ የተወሰነ ቀን ሥራ ማግኘት መብቱ ይሆናል። ህንድ በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ለገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 ቀን ሥራ ደንግጋ፣ በ15 ቀን ውስጥ ሥራ ያልተሰጠው ሰው የሥራ ፈት አበል ይከፈለው ብላ ነበር። ከህንድ ቁጥሩን ሳይሆን የ15 ቀኑን ብልሃት እንወስዳለን፤ ቀን ያልተቆረጠለት መብት የቀጠሮ ወረቀት ነውና። ክፍያው በየስድስት ወሩ ከሸቀጥ ዋጋ ጋር ይስተካከላል። ቁጠባው በሠራተኛው ምርጫ ይሆናል። የተመዘገቡት፣ የተቀበሉትና ወረፋ የሚጠብቁት ስም ዝርዝር በየቀበሌው በር ላይ ይለጠፋል፤ የማንም ፓርቲ ሰው፣ የእኛም ቢሆን፣ በመራጩ ኮሚቴ ውስጥ አይቀመጥም፤ የተበደለ ሰው ቀበሌውን ለቀበሌው ሳይሆን በቀጥታ ለፍርድ ቤት ይከስሳል።

ሥራውን ደግሞ ነዋሪው ይምረጥ። ሐዋሳ ላይ የሥራ እጥረት አለ የሚል ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚሄድ ነው። ሐይቃችን ስፋቱ ወደ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲሆን መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውኃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ የለም። ስለዚህ ከዙሪያው ኮረብታ የሚታጠበው አፈር፣ ከከተማው ቦይ የሚወርደው ፕላስቲክና ፍሳሽ ሁሉ እዚያው ይቀራል። የአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጅ፣ የፍቅር ሐይቅ ጀልባ ነጂ፣ ቆሮሶ ጠብሳ ልጆቿን የምታሳድግ እናት፣ ሁሉም ኑሯቸው በዚያ ውኃ ላይ ነው። በታቦርና በአላሙራ ተዳፋት ላይ እርከን መሥራት፣ ክረምት ሳይገባ ቦዮችን መጥረግ፣ ከሐይቁ ዳር ሀገር በቀል ዛፍ ተክሎ ለዓመታት ማሳደግ የመቶዎችን ሳይሆን የሺዎችን ጉልበት ይፈልጋል። «ለዓመታት» ያልነው ሆን ብለን ነው፤ ችግኝ በአንድ ቀን ይተከላል፣ የሚያጠጣው ሰው ካልተቀጠረ ግን በበጋ ይደርቃል። ጉዱማሌን ራሱን ብንወስድ ለበዓል ሰሞን የሚጸዳ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ጥላው፣ መቀመጫው፣ መጸዳጃው የሚጠበቅ የሁሉም ሰው ሜዳ ማድረግ ይቻላል።

መጥረጊያ ብቻ ሥራ አይደለም። ፊደል የቆጠረ ወጣት ለአረጋውያን ማመልከቻ ይጻፍ፣ የቀበሌውን መዝገብ ያደራጅ፤ እናቶች በሥራ ላይ ሳሉ ሕፃናት የሚውሉበት መዋያ ይከፈት፤ የመዋያዋ ሞግዚትም ከዚሁ መዝገብ ትቀጠር። ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን የሚፈልጥ ልጅ በአንድ ወቅት የሀገር መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ድንጋይ መፍለጥ ነውር የለበትም፤ ነውሩ አራት ዓመት አስተምሮ ሌላ ምርጫ ማሳጣት ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የመጀመሪያው የከተማ ፕሮጀክት 450 ሚሊዮን ዶላር ለ604,000 ሰዎች ሲካፈል ለአንድ ሰው በአምስት ዓመት 745 ዶላር ገደማ ይደርሳል፤ ይህም የቢሮውን ወጪ ሁሉ ጨምሮ ነው። በዓመት ከ150 ዶላር ያነሰ። ርካሽ ነው አንልም፤ በብድር ብቻ ከቆመ ደግሞ ሲከፈል ልጆቻችንን ይጠብቃል። ስለዚህ በአንድ ዓመት በሁሉም ከተማ እናዳርሳለን ብለን አንዋሽም። በመጀመሪያ ልምዱ ባላቸው 11 ከተሞች እንጀምራለን፤ ወጪው በየዓመቱ በምክር ቤት በሚጸድቅ በጀት ውስጥ የራሱ መስመር ይኖረዋል፤ ብድር ቢመጣ ማጠናከሪያ ይሆናል እንጂ መሠረት አይሆንም። ከተማው ዕቃውንና መሬቱን ይችላል፤ የጉልበቱን ዋጋ ፌዴራሉ መንግሥት ይከፍላል። ቀጣሪዎችም ትንሽ ከፍ ያለ ደመወዝ ይከፍላሉ። ይህን አንደብቅም፤ የምንፈልገውም እሱን ነው።

በክፉ ቀን ዘመን በሬ አልቆ ሰው ሲራብ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ይነገራል። ከባለሥልጣን ዶማ አንጠይቅም። የምንጠይቀው መዝገቡ ክፍት እንዲሆን ነው።

በመጪዎቹ ሳምንታት እጩዎች፣ የእኛም የሌላውም፣ ወደ ሠፈራችሁ ይመጣሉ። ሦስት ነገር ጠይቋቸው፤ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ዝርዝር የት ተለጥፏል? ከዝርዝሩ የተሰረዘ ሰው ለማን አቤት ይላል? የቀን ክፍያው መጨረሻ የተስተካከለው መቼ ነው? የእኛ እጩ መልስ ካጣም እዚያው በሕዝብ ፊት ንገሩት።